የአዴ ሚስራ ደም ግፊት

የሥራ ዘመኔን ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ሴቶችን «አርግዘሻል ወይ?» ብዬ በመጠየቅ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ወዳጅ አይበዛም። ያረገዘችው ምስጢሯን ላወጣባት የመጣሁ ይመስላታል፤ ያላረገዘችው ደግሞ «ወፈርሽ» ያልኳት ይመስላታል። በሐረር ግንብ፣ በጀጎል፣ በሮች በየትኛውም ልግባ፣ ከሩቅ አይታኝ ሻርፗን ወደ ሆዷ የምትጎትት ሴት አላጣም ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቲማቲም ልገዛ ስገባ እንኳ ይጎትታሉ። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

አምና ሲሸኙኝ አዲሱ ኃላፊያችን ከወረቀት ላይ አነበበ። «በእናቶች ጤና ምርምር ዘርፍ የማይደበዝዝ አሻራ ያኖሩ» ሲል ማን ሞተ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ለካ እኔን ነው። ኬኩ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን፤ ከዚያ በቦታዬ የተተካችው ልጅ ታብሌቷን ይዛ መጣችና «ሲስተር፣ አሁን ሁሉም ነገር ቀሏል» አለችኝ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ ካልተመለሰ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። ጥሩ ነገር ነው። እኔ ስንቱን ጥያቄ ዘልዬ ተቆጥተውኛል።

«ሴትየዋ ብታለቅስስ?» አልኳት።

ስክሪኑን በጣቷ ወደ ታች ገፋ አድርጋ «‹ሌላ› የሚለውን ነው የሚነኩት» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው ሳቄ መጣ። የእኔ ሥራ አብዛኛው እዚያ ‹ሌላ› ውስጥ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንዱን፣ የነጂማንና የአማቷን ነገር፣ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ተወልጄ ያደግኩት ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ ነው። ነርስና አዋላጅ ሆኜ ጤና ጣቢያ ውስጥ ዓመታት ሠራሁ። ከዚያ እርግዝና ላይ ጥናት የሚሠራ ፕሮጀክት ሰው ይፈልጋል ተባለ። ደሞዙ ይሻላል፣ አበልም አለው አሉኝ። አበሉ መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሞኝነት ነው።

ጥናቱ ሲነገር ቀላል ነው። አንዲት ሴት እንዳረገዘች፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እናገኛታለን። ከዚያ እስክትወልድ ድረስ በየጊዜው የደም ግፊቷን እንለካለን፣ ሽንቷን እንመረምራለን፣ እንጠይቃታለን። በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት እናትንም ልጅንም አብሮ የሚወስድ ክፉ ነገር ነው፤ ቀድሞ ከታየ ግን መላ አለው። ጭንቁ ያለው ያ ‹ገና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት› የሚሉት ነገር ላይ ነው። በእኛ አገር ሴት በሦስት ወሯ አላረገዘችም። ሆዷ ራሱ እስኪናገር ድረስ አላረገዘችም። ሆዷ ከተናገረም በኋላ እሷ በአፏ እስካላወጣችው ድረስ ያየው ሰው እንዳላየ ያልፋል። ዓይን አለ፣ አፍ አለ፣ ቶሎ የተወራ እርግዝና አይጸናም ይባላል። በዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጀጎልም ገጠሩ ድሬ ጠያራም አንድ ነው። እኛ እንግዲህ እንዲህ ካለው አገር ነው በሦስት ወር የምንመዘግበው።

ሥራውን ያስተማሩኝ የመስክ ኃላፊያችን ሲስተር ዝናሽ ናቸው። አጭር፣ ክብ፣ የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ። የሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው የሱፍ ካልሲ ከቦርሳቸው ያወጣሉ። የሐረሪ ቤት መቀመጫው መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ከፍና ዝቅ ያለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ሲስተር ዝናሽ ታዲያ «ወደ ላይ ይምጡ» እየተባሉ እስኪጎተቱ ድረስ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለ እርግዝና በጭራሽ ጠይቀው አይጀምሩም። ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ያወራሉ። መጨረሻ ላይ፣ ሊነሡ ሲሉ፣ እንደ ዋዛ «ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ከሶላት ያረፍሽው መቼ ነው?» ይላሉ።

እኔ ነርስ ሆኜ «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ የኖርኩ ነኝ። የሚመለስልኝ «ኧረ እንጃ» ነው። ሙስሊም ሴት በዚያ ጊዜ አትሰግድም፣ አትጾምም፤ የረመዳኑን ጾም ደግሞ ቆጥራ በኋላ መክፈል አለባት። ስለዚህ ቀኑን ልቅም አድርጋ ታውቀዋለች፤ አጠያየቁ ነው አሳፍሯት የነበረው። ሲስተር ዝናሽ ክርስቲያን ሆነው ይኼን ከየት እንዳመጡት ስጠይቃቸው «ጆሮ አለኝ» አሉኝ።

ግፊት መለካትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሴትየዋ ጀርባዋን ደግፋ፣ እግሯን መሬት አስነክታ፣ ሳታወራ ጥቂት ማረፍ አለባት። ሳታወራ የሚለው ነው የማይሆነው። ሐረር ውስጥ እንግዳና ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው ዝም ከተባባሉ ወይ ተጣልተዋል ወይ ሰው ሞቷል። መጀመሪያ ሰሞን አንዷን «ዝም በይልኝ» ብዬ ቁጭ ብለን ሳለ ጎረቤቷ ገብታ አየችንና ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ልቅሶ ልትጀምር ነበር። ሲስተር ዝናሽ ግን ራሳቸው ያወራሉ። ሴትየዋ አፏን ከፍታ እያዳመጠች ታርፋለች፤ ያኔ ይለካሉ።

ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን የሚሉት «ደግ ነው» ብቻ ነው። ፊታቸው አይለወጥም። እኔ ብቻ ነኝ ምልክታቸውን የማውቀው፤ ነገሩ ሲከፋ በሌላኛው ክንድ እየደገሙ የሽንኩርት ዋጋ ይጠይቃሉ። «ሽንኩርት ስንት ገባ?» ካሉ እኔ የሽንት መመርመሪያውን ከቦርሳ አወጣለሁ።

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር መላኩ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ቁጥር ሲያይ ፊቱ የሚበራ፣ ሰው ሲያይ የሚጨነቅ ልጅ ነው። ክፋት የሚባል አያውቅም። በጀመርን ሰሞን የጀጎል ሴቶች ግፊት ሁሉ ከፍ ብሎ ቢመጣለት «ትልቅ ግኝት ነው» ብሎ ደስታው ሊገድለው ነበር። ሲስተር ዝናሽ ውጤቱን አየት አደረጉና «ዶክተር፣ የላክኸን ከሰዓት በኋላ ነው» አሉት።

«እና?»

«ከሰዓት በኋላ በርጫ ነው።»

ጫት የቃመ ሰው ልቡ ይሮጣል፣ ግፊቱም ይወጣል። ከምሳ በኋላ የለካነው ጫቱን ኖሯል። ግኝቱ ተጣለ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራችን ጠዋት ጠዋት ሆነ።

ይኸው ልጅ ነው እንግዲህ አንድ ቀን «ተሳታፊዎቻችንን በአንድ ነገር እናመስግን» ያለው። ጃንጥላ አስመጣ። ምስጢር መጠበቅ ላይ በጣም ጥንቁቅ ስለነበር፣ ጃንጥላው ላይ ምንም እንዳይጻፍ አዘዘ። «የፕሮጀክቱ ስም የለበትም፣ ዓርማ የለበትም። ያየ ሰው ምንም አያውቅም» አለን፤ እኛም ጥሩ ብለሃል ብለን አጨበጨብን። ጃንጥላው ሁሉ አንድ ቀለም ነው፤ የሎሚ ቢጫ። እንደዚያ ያለ ጃንጥላ ሐረር ውስጥ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ሳምንት አልቆየም። ገበያው፣ ጊደር መጋላ ውስጥ፣ ሎሚ ቀለም ጃንጥላ ብቅ ካለ፣ በርበሬ የምትመዝነው ሚዛኗን ትታ ከሥሩ ያለችው ማን እንደሆነች ጎንበስ ብላ ታያለች። አንዲት የልጅ ልጅ ያዩ ሴትዮ የምራታቸውን ተውሰው ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ «አላህ ያቅልልዎት» ያላቸው ሰው ብዛቱ። በጓደኛዋ ጃንጥላ ከፀሐይ የተጠለለች ያላገባች ልጅ ደግሞ እናቷ ፊት ስትምል ዋለች። ዶክተር መላኩ ይኼን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና «ግን እኮ ምንም አልተጻፈበትም» አለ።

ነጂማ የተመዘገበችው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ጀጎል ውስጥ ከባሏና ከአማቷ ጋር የምትኖር ሳቂታ ልጅ ነበረች። ባሏ ረምዚ ጊደር መጋላ ቅመም ይሸጣል። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልጸኑላትም። ሁለተኛው የሄደባት የአማቷ አፎቻ፣ በደስታም በኀዘንም የሚረዳዱት የሴቶች ማኅበር፣ ተሰብስቦ ዱዓ ካደረገላት በኋላ ነው። «ሰው አወቀና ሄደብኝ» ብላ ነበር ለሲስተር ዝናሽ የነገረቻቸው። በዚህኛው ከባሏና ከእኛ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። በተለይ አማቷ እንዳያውቁ ትጸልይ ነበር፤ እሳቸው ካወቁ አፎቻው ያውቃል፣ አፎቻው ካወቀ ሐረር ያውቃል።

ጃንጥላውን በር ጀርባ ሸሽጋው ነበር። ረምዚ የዋህ ነው። አንድ ቀን ፀሐዩ ቢበረታበት፣ በርበሬው እንዳይነጣበት ብሎ አውጥቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ዘረጋው። ለምሳ ቤቱ ሲገባ ገበያው ሁሉ እጁን ጨብጦት «ዛሬ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ይላል።

በማግስቱ ስንሄድ ነጂማ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። «ጃንጥላውን ድሬዳዋ ያለች አክስቴ ናት የላከችልኝ ብያለሁ» አለች። «እናንተ ደጄ ላይ ከታያችሁ ውሸቴ ወጣ። በጥናቱም አልቀጥልም። ከእንግዲህ አትምጡብኝ።» ዓይኗ ቀልቷል። ሲስተር ዝናሽ «ደግ ነው የእኔ ልጅ» ብለው ተመለሱ። ነገሩ ግን ደግ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ለክተዋት ሲያበቁ የሽንኩርት ዋጋ ጠይቀዋታል።

ቢሮ ገብተን ተነጋገርን። ዶክተር መላኩ «ተሳታፊ በቃኝ ካለች በቃ ነው፣ ልናሳድዳት አንችልም» አለ። ልክ ነው፤ የምርምር ሕግ ነው። የተረፉትን ጃንጥላዎች ለሽማግሌውም ለወጣቱም፣ ለወንዱም ለሴቱም እንድናድል አዘዘ፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ ትርጉም አጣ። ለነጂማ ግን ረፍዶ ነበር። ዶክተሩ ምሳውን ትቶ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ዋለ። እኔ ፈራሁ። አዋላጅ ሆኜ ስሠራ እንዲህ ቀስ እያለ ጀምሮ፣ ድንገት ራስ ምታት ብላ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለብኝ ብላ፣ ከዚያ ተንዘፍዝፋ ሳትነቃ የቀረች ሴት አይቻለሁ። ነጂማን ያቺን ሴት አድርጌ አያታለሁ፤ እንቅልፍ የሚባል አጣሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ቢሮአችን በር ላይ ቆሙ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሐምራዊ ቀሚስ ላይ ብርቱካናማ ሻሽ ያሰሩ። አዴ ሚስራ ናቸው፣ የነጂማ አማት። «አዴ» እኛ ዘንድ የትልቅ ሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ለጥል የመጡ መስሎኝ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«ግፊት ትለካላችሁ አሉኝ» አሉ።

«አዎ እናቴ» አለ ዶክተር መላኩ። «ግን እኛ የምንለካው እርጉዞችን ነው።»

«እኔ እርጉዝ አለመሆኔን በምን አወቅህ?»

ዶክተሩ «ዕድሜዎ…» አለ እንደምንም።

«ዕድሜዬን ገምት አላልኩህም። ግፊቴን ለካኝ።»

ሲስተር ዝናሽ አስቀምጠው ለኩዋቸው። ቁጥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የሃያ ዓመት ልጅ የምትመኘው ግፊት ነው።

«ደግ ነው» አሉ ሲስተር ዝናሽ።

«ደግ አይደለም። ራሴን ያዞረኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ልቤ ይመታል። በየቅዳሜው ቤቴ እየመጣችሁ ትለኩኛላችሁ። እኔ እዚህ ድረስ መመላለስ አልችልም።» ይኼን ብለው ባጃጅ እንጥራልዎ ስንላቸው እምቢ አሉና ዳገቱን እንደ ኮረዳ ወጡት።

እኔ ምኑን ልጠርጥር። አሮጊቷ ሰው ናፍቋቸዋል፣ ጠያቂ ፈልገዋል አልኩ። ሲስተር ዝናሽ ግን ዓይናቸው በራ። ወደ ነጂማ ቤት በእግራችን የምንገባበት ሰበብ ራሱ በእግሩ መጥቷል። «ይኼ ፕሮቶኮላችን ውስጥ የለም» አለ ዶክተር መላኩ። ሲስተር ዝናሽ በምርምር ስም ሳይሆን በአዋላጅነታቸው፣ በቅዳሜያቸው እንደሚሄዱ ነገሩት። «እንግዲያው እኔ አልሰማሁም» አለና ከመሳቢያው የራሱን አዲሱን መለኪያ አውጥቶ ሰጣቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርን። አዴ ሚስራ ገና ከመንገዱ ጫፍ ሲያዩን በራቸው ላይ ቆመው «የእኔን ግፊት ሊለኩ መጡ» ብለው ለጎረቤቱ ያሰማሉ። ጎረቤቱም «አፊያ ያርግዎት» ይላል። ገብተን እንለካቸዋለን፤ ሁልጊዜ ከእኔ የተሻለ ነው። እሳቸው ግን በየሳምንቱ አዲስ ሕመም አላቸው፤ አንዴ ክንድ፣ አንዴ ጆሮ፣ አንዴ ስሙ የማይታወቅ ነገር። እኔ በሆዴ እበሽቃለሁ። ለክተን እንደጨረስን «በሉ እኔ የረፋዱን፣ የዱሃ ሶላቴን ልስገድ» ብለው ወደ ጓዳው ይገባሉ። ነጂማ ውኃ ይዛ ትመጣለች።

መጀመሪያ ቀን ሲስተር ዝናሽ «እስኪ ክንድሽን» ሲሏት ወደ ጓዳው አየች። «እማዬ እንዳይሰሙ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ተቀመጠች። ለአማቷ የመጣ እንግዳ ማን ምን ይለዋል። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ መለኪያው ከክንድ ላይ ሲፈታ ጨርቅ እንደሚቀደድ ይጮኻል። ሲስተር ዝናሽ ሊፈቱ ሲሉ እኔ አስላለሁ። አንዳንዴ ሳል ሳይደርስልኝ ሲቀር፣ ከጓዳ አዴ ሚስራ ልክ በዚያች ቅጽበት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አላሁ አክበር» ይላሉ። ስንወጣ ለሲስተር ዝናሽ «ደግነቱ ጆሯቸው ደክሟል» እላቸዋለሁ።

ግፊቷ እየጨመረ ሄደ። ሲስተር ዝናሽ ሐኪም አማክረው መድኃኒት አስጀመሯት። ነጂማ ኪኒኑን እርድ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀችው። እኔ ይኼ እንዴት ያለ መደበቂያ ነው ብዬ ተቆጣሁ፤ ወጥ የሚሠሩት አማቷ ናቸው። አዴ ሚስራ ግን፣ እርድ የሌለበት ወጥ በአፋቸው የማይዞር ሴት፣ በዚያ ሰሞን እርድ ተዉ። ለግፊቴ ነው አሉ። እኛም እፎይ አልን።

ነጂማ ስምንተኛ ወሯ ገብቶ አንድ ቅዳሜ ስንደርስ ፊቷ አብጧል። ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ ብሎ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። አዴ ሚስራ የዚያን ዕለት ስለ ሕመማቸው ብዙም አላወሩም፤ ቶሎ ተለክተው ቶሎ ወደ ጓዳ ገቡ።

«ራሴን ከትናንት ጀምሮ እየፈለጠኝ ነው» አለች ነጂማ። «ዓይኔ ላይ ደግሞ ብልጭ ብልጭ ይላል።»

ሲስተር ዝናሽ ለኩ። «ደግ ነው» አሉ። ወደ ሌላኛው ክንድ ተሻገሩ። «ሽንኩርት… ስንት ገባ?» አሉ፤ ድምፃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ድምፃቸው ሲቆረጥ ሰምቼ አላውቅም።

አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት ነገሯት። ነጂማ ራሷን ነቀነቀች። «አልሄድም» አለች። «ደግፋችሁኝ ከዚህ በር ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል። ገና መኪና ሳልደርስ አፎቻው ይሰማል። ያኔም እንዲህ ነው የሄደብኝ። ጥቂት ነው የቀረኝ፣ እባካችሁ ተዉኝ።»

«እዚህ ከቀረሽ ትሞቻለሽ» አልኳት። እንዲህ አይባልም፤ ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ። ግን ወጣኝ። ነጂማ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ሲስተር ዝናሽ ለመኗት፣ እኔም ለመንኳት። ወይ ፍንክች። ረምዚ ጋ ደወልን፣ ስልኩ አይነሣም፤ ቅዳሜ ገበያው ቀውጢ ነው።

ይኼኔ ጓዳ ውስጥ ሶላቱ ተቋረጠ። አንድ ነገር ወደቀ። «ልቤን» የሚል ድምፅ ሰማን። «ልቤን፣ ያዙኝ።»

አዴ ሚስራ የጓዳውን በር ተደግፈው፣ ዓይናቸው ተገልብጦ፣ ደረታቸውን ይዘው ወጡ። ነጂማ የራሷን ረስታ ሮጠች። እኔ ያ ሁሉ ሳምንት በሆዴ ሳማቸው የከረምኩት ሴትዮ እውነትም ታመው ነበር ብዬ ልደግፋቸው ተነሣሁ። የያዙት ቀኝ ደረታቸውን መሆኑን እንኳ አላየሁም። ያዩት ሲስተር ዝናሽ ናቸው። ቀረብ አሉና፣ ማንም ሳያይ፣ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ግራ አዛወሩላቸው።

ነጂማ ጮኻ ኖሮ ጎረቤቱ ግር ብሎ ገባ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪና እስከ ጀጎል በር ድረስ እንጂ ውስጥ አይገባም፤ በምን እንውሰዳቸው ተባለ። ከአፎቻው ዕቃ ቤት ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ መጡ። ለቀብር የሚያገለግለውን ነው። አዴ ሚስራ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩትና በደከመ ድምፅ «እሱን መልሱት፣ ገና ነኝ» አሉ። በወንበር ተሸከሟቸው።

«ነጂማ፣ እጄን ያዢ» ይላሉ ከወንበሩ ላይ። «አትራቂኝ። ሻርፕሽን ደህና አድርገሽ ተከናነቢ፣ ብርድ ነው።» ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንገዱ ሁሉ ወጥቶ ለአዴ ሚስራ ዱዓ ያደርጋል። ነጂማን ማንም ዞር ብሎ አላየም፤ አማቷ ሲታመሙባት የምታለቅስ ምራት ናት። አንዲት ጎረቤት መኪናው ውስጥ ልትገባ ስትል፣ ሊሞቱ ነው የተባሉት ሴትዮ በሩን በእጃቸው ሳብ አድርገው ዘጉት። መኪናውን ይዞ የመጣው ሲስተር ዝናሽ የደወሉለት ራሱ ዶክተር መላኩ ነው፤ ላብ አጥምቆታል፣ ወደ መስታወቱ እያየ «እናቴ፣ አይዞዎት፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» ይላል።

የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ደረስን። አስታማሚው አልጋ እየገፋ መጣና አዴ ሚስራን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። አዴ ሚስራ እግራቸውን አውርደው ቆሙ። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ምንም አልሆንኩም» አሉ። «እሷን አስተኟት። ስምንተኛ ወሯ ነው፣ ግፊቷ ወጥቷል፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ይልባታል።»

ዶክተር መላኩ የመኪናውን ቁልፍ ጣለ። ነጂማ አማቷን እያየች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ወሰዷት።

መንዘፍዘፉን የሚከላከለው መርፌ ተሰጣት፣ ግፊቷን አወረዱት፣ ልጁ መውጣት አለበት ተብሎ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። እኛ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አዴ ሚስራ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሙስበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። አጠገባቸው ተጠግቼ «ፈሩ?» አልኳቸው።

«በጣም ፈራሁ» አሉ። እጄን ያዙኝ፣ እጃቸው በረዶ ነው። እኔም ሳማቸው መክረሜን አስቤ አንገቴን ደፋሁ።

ረምዚ እጁ በእርድ ቢጫ እንደሆነ እየሮጠ ሲደርስ ሴት ልጅ ተወልዳለች አሉን። ትንሽ ናት፤ ማሞቂያ ክፍል ገባች፤ ግን ታለቅሳለች። ነጂማም ነቃች። አዴ ሚስራ «አልሐምዱሊላህ» አሉና አግዳሚው ላይ በጎናቸው ጋደም ብለው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በማግስቱ አፎቻው «የታመሙትን» ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ባዶ አልጋ ላይ ወጥተው ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኙ። ነርሷ ልታስወርዳቸው ስትመጣ የተከራከርኩላቸው እኔ ነኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጂማን ልንጠይቅ ከሲስተር ዝናሽ ጋር ገባን። አዴ ሚስራ አጥሚት እያጠጧት ነበር። ነጂማ ማንኪያውን በእጇ ከለከለችና «እማዬ፣ መቼ ነው ያወቁት?» አለቻቸው።

«ቅቤ ሳነጥር አፍንጫሽን ይዘሽ የወጣሽ ዕለት።»

ነጂማ አሰበች። ሲስተር ዝናሽም በጣታቸው ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ እኛ ከመመዝገባችን በፊት ነው።

«ያኔ እኮ እኔ ራሴ አላወቅኩም» አለች ነጂማ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ያን ሁሉ ወር ከእርስዎ ስደበቅ…»

አዴ ሚስራ ማንኪያውን መልሰው አጥሚቱ ውስጥ አደረጉት። «ሰው ባወቀብሽ ቁጥር ይሄድብኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ» አሉ። «ብነግርሽ እኔም ሰው እሆንብሽ ነበር።»